የባለቁልፉ ጥማት

አባቴ በሐረር ከማንም በላይ የሚከበር ሰው ነበር። ሹም አልነበረም፣ ሀብትም አልነበረውም፤ የውሃ መስመር ከፋች ነበር። እስከ ወገቡ የሚደርስ፣ እጀታው አግድም የተበየደ የብረት ቁልፍ ይዞ ይዞራል። መንገድ ዳር ያለውን የብረት ክዳን ያነሳና ቁልፉን ጉድጓዱ ውስጥ ከትቶ ሲያዞረው አንዱ ሰፈር ውሃ ያገኛል፣ ሌላው ይደርቃል። ደርግ ከወደቀ በኋላ ባሉት ዓመታት፣ ውሃችን የሚመጣበት የሐሮማያ ሐይቅ ከዓመት ዓመት እየሸሸ ሲሄድ ውሃ በተራ ሆነ፤ ተራው ደግሞ አባቴ እጅ ላይ ነበር። ለከንቲባ የማይነሱ ሰዎች ለእሱ ብድግ ይሉለታል። ስሙን የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ከተማው የሚያውቀው «ባለቁልፉ» ብሎ ነው።

ጉቦ አይበላም ነበር። ይህን የምለው በኩራት ነው። ጫት ግን ጉቦ ነው ብሎ አያምንም ነበር። ከሶፊ ገጠር የመጣ ለጋ ጫት አንድ ዙርባ እስር ብብቱ ስር ሲገባለት ስጦታ አይመለስም ይልና ከምሳ በኋላ ወደ በርጫው ይሄዳል። በርጫ እንግዲህ ወዳጆች ትራስ ተደግፈው፣ ጫት እየቃሙ፣ የዓለምን ችግር በሙሉ ፈትተው ምንም ሳይሠሩ የሚነሱበት ጉባኤ ነው። አባቴ ለትምህርት ቤቴ የወላጆች ስብሰባ አንድም ጊዜ ደርሶ አያውቅም፤ ለበርጫው ያረፈደበትን ቀን ግን አላስታውስም።

ጀጎል ግንብ ውስጥ፣ ከትልቁ ገበያ ከጊደር መጋላ ወደ ላይ የሚወጣ አንድ ጠባብ መተላለፊያ አለ። እዚያ ሰፈር ውሃ በተራዋ ቀን እንኳ ብትመጣ ጭል ጭል ትልና ጀሪካን ሳትሞላ ትቆማለች። ነዋሪዎቹ ለምን ብለው ሲጠይቁት አባቴ ቁልፉን ተደግፎ ግፊት አይደርስም፣ ሰፈራችሁ ከፍታ ላይ ነው ይላቸዋል። ከፍታ ላይ መሆናቸውን ዳገቱን በየቀኑ የሚወጡት እነሱ ስለሚያውቁ ክርክር አልነበረም።

በዚያ መተላለፊያ ውስጥ በመጋላው ቅመም የሚሸጡ፣ ከአባቴ በዕድሜ ከፍ የሚሉ አንዲት እናት ይኖሩ ነበር። ልጃቸውን ሊድሩ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው የሰፈራቸው ተራ ደረሰና ውሃዋ እንደ ልማዷ ቆመች። እሳቸውም ባዶ ጀሪካናቸውን አንጠልጥለው አባቴ ያለበት ድረስ ወረዱ። አባቴ መስመሩን ዘግቶ፣ ጫቱን ብብቱ ስር ይዞ ሊሄድ ሲል ደረሱበትና ጀሪካኑን እግሩ ስር ወርውረው፣ ቦኖው ላይ ውሃ የሚጠብቀው ሰልፈኛ ሁሉ እየሰማ ረገሙት። «አላህ ውሃ እያሳየ ይከልክልህ። ብርጭቆውን በእጅህ ይዘህ አትጠጣው» አሉት። የተሰለፈው ሕዝብ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ባንድ አፍ አሜን አለ። ሐረር የመቻቻል ከተማ ናት ሲባል ትዝ የሚለኝ ይህ ነው።

አባቴ ይህን ታሪክ ቤት ውስጥ እንደ ቀልድ ደጋግሞ ያወራው ነበር። የቅመም ሻጯን ድምፅ አስመስሎ ይራገምና በመጨረሻ ብርጭቆውን አንስቶ ግጥም አድርጎ ይጠጣል፣ ይኸው ጠጣሁት ይለናል። እኔ ሁልጊዜ እስቅ ነበር። እናቴ ግን በሕይወት ሳለች በዚህ ቀልድ አንድም ቀን አልሳቀችም።

ሐይቁ በመጨረሻ ጨርሶ ደረቀ። ዙሪያውን ያለው ሁሉ ሞተሩን ተክሎ እኔ የምስበው ትንሽ ናት እያለ ጫቱን ሲያጠጣ ከረመና አንድ ቀን የሚሳብ ነገር ጠፋ፤ ዓሣ የነበረበት ቦታ ከብት ይግጥበት ጀመር። ያኔ እኔ አድጌ ከግንቡ ውጭ፣ አዲሱ ከተማ ውስጥ፣ የሴቶች ፀጉር ቤት ከፍቼ ነበር። ውሃ በሌለበት ከተማ ፀጉር ቤት የሚከፍት ሰው ጤናው ሊመረመር ይገባል። ደንበኞቼ የባለቁልፉ ልጅ ስለሆንኩ ጓሮዬ ውስጥ ወንዝ ያለ ይመስላቸው ነበር፤ እኔ ግን እንደ ማንም ሰው በአህያ ከሚመጣው ጀሪካን ነበር የምገዛው። ከዓመታት በኋላ ከድሬዳዋ በኩል፣ ቆላ ላይ ተቆፍሮ ዳገቱን በሞተር ተገፍቶ የሚመጣ አዲስ መስመር ተዘረጋልንና ከተማው ተነፈሰ። ውሃው መጣ፤ የአባቴ ኩላሊት ሄደ።

የደም ግፊቱ ከፍ ማለቱ ለዓመታት ሲነገረው ኖሯል። በውሃ መስመር ሠራተኛ ቤት ግን ግፊት ከፍ አለ ማለት የምሥራች ነው። መድኃኒቱን ሲያስታውስ ይውጠዋል፣ ትንሽ ሲሻለው ይተወዋል። እግሩ አብጦ ጫማ አልገባ ሲለው ጫማው ጠበበ ብሎ ሌላ ገዛ። ምግብ አስጠላው፣ ጠዋት ጠዋት ያስመልሰው ጀመር፣ ሰውነቱን ያሳክከዋል፤ ይህን ሁሉ ጫቱ መጥፎ ነው፣ የዘንድሮ ጫት መድኃኒት ይረጭበታል ብሎ አለፈው። ፊቱ ሲያብጥ ግን የሚገዛ ሌላ ፊት ስላልነበረ ወደ ሐኪም ቤት ወሰድኩት።

ሐኪሟ ወጣት ነበረች፤ ትዕግሥቷ ግን የትልቅ ሰው ነው። ወረቀት ላይ ሁለት ትልልቅ ባቄላ የመሰሉ ነገሮች ሥላ አስረዳችን። ኩላሊት ቀንም ሌትም ደም ያጣራል፤ ሰውነት የማይፈልገውን ቆሻሻና ትርፍ ውሃ ለይቶ በሽንት ያስወጣል፣ ጨውን ይመጥናል። ለዓመታት በወጉ ያልታከመ የደም ግፊት ውስጡ ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች አበላሽቷቸዋል። ኩላሊት ደግሞ አይጮህም፤ አብዛኛውን ሥራውን እስኪያቆም ድረስ ባለቤቱ ምንም ላያውቅ ይችላል። የአባቴ ሁለቱም ሥራ ወደ ማቆሙ ስለደረሱ ወደ ነበሩበት አይመለሱም። የሚቀረው ደሙን በማሽን ማጣራት፣ ማለትም የኩላሊት እጥበት፣ አለዚያም ከሌላ ሰው ኩላሊት መቀበል ነው አለችን። ጨው መቀነስ አለበት፣ ሙዝና ብርቱካን መተው አለበት፣ ውሃም በልክ ነው። ሽንቱ ስለቀነሰ የሚጠጣው ሁሉ መውጫ አጥቶ መጀመሪያ እግሩ ላይ፣ ቀጥሎ ሳንባው ውስጥ ይጠራቀማል።

አባቴ በጥሞና አዳመጣትና የሙያ ምክሩን ሰጣት። ማጣሪያ ሲደፈን አይጣልም አላት፤ በኃይል ውሃ ይለቀቅበትና ይጸዳል፣ እሱ ራሱ በሥራ ዘመኑ ስንቱን አጽድቷል። ሐኪሟ ኩላሊት እንደዚያ እንደማይጸዳ ሁለት ጊዜ ነገረችው። እሱም ሁለት ጊዜ ራሱን ነቀነቀላት። ቤት እንደገባን አንድ ጆግ ውሃ ቆሞ ሲገለብጥ ደረስኩበት፤ ማጣሪያውን እያጸዳ ነበር። ያን ሳምንት እብጠቱ ጉልበቱን አለፈ።

ከተማውም ከአባቴ አይሻልም ነበር። ሐረር ውስጥ ኩላሊት ሲባል ሰው የሚያውቀው የኩላሊት ጠጠርን ነው፤ ለጠጠር ደግሞ ብዙ ጠጣ ይባላል። ስለዚህ ሊጠይቀን የመጣ ሁሉ ፈሳሽ ይዞ መጣ። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን የገብስ ውሃ፣ ክርስቲያን ዘመዶቻችን ቢራ አመጡ፤ ሁለቱም ከአንድ እህል ስለሆኑ ጠብ አልተነሳም። ሙዝና ብርቱካኑንማ ሁሉም በኅብረት ነው ያመጣው። እጥበት የሚለውን ቃል የሰማች አንዲት ደንበኛዬ፣ ፀጉሯን እያጠብኩላት፣ ኩላሊቱን አውጥተው የሚያጥቡት በምን ሳሙና እንደሆነ ጠየቀችኝ። በሻምፑ ነው አልኳት።

ማሽኑ ያኔ እኛ ዘንድ ስላልነበረ በሳምንት ሁለት ቀን በሚኒባስ ወደ ድሬዳዋ እንወርድ ጀመር። ስለ ክፍያው አላወራም፤ የከፈለ ያውቀዋል። ድሬ ውሃ በዳገት እየገፋች ወደ እኛ ትልካለች፣ እኛ ደግሞ ውሃ የሞላውን አባቴን ቁልቁል ወደ እሷ እንልካለን። መንገዱ በደረቀው ሐይቅ ዳር ነው የሚያልፈው። አባቴ እዚያ ሲደርስ ፊቱን ወደ ሌላኛው መስኮት ያዞር ነበር። የደንገጎን ቁልቁለት ወርደን ሙቀቱ ሲቀበለን፣ ተሳፋሪው በመስኮት ከሚሸጠው በረዶ ውሃ እየገዛ ጉሮሮውን ያርሳል። አባቴ ሰው ሲጠጣ ያያል፤ የማያውቁት ሰዎች የሚያፈጥባቸው ይመስላቸው ነበር።

እጥበቱን ግን ከጠበቅኩት በላይ ወደደው። መርፌው የሚገባበት እንዲሆን ክንዱ ላይ ሁለት የደም ሥሮች በቀዶ ጥገና አገናኝተውለታል፤ ቦታው በጣት ሲነካ ይርገበገባል። ቤት ለመጣ ሰው ሁሉ እያስነካ፣ አያችሁ መስመሩ ግፊት አለው ይል ነበር። ደሙ በአንዱ ቱቦ ወጥቶ፣ ማሽኑ ውስጥ ተጣርቶ፣ በሌላው ቱቦ እስኪመለስለት ድረስ ግማሽ ቀን ይተኛል። ሲገባም ሲወጣም ይመዘናል። በሁለት እጥበት መካከል የጨመረው ክብደት የጠጣው ውሃ ነው፤ በዚህ የሚከራከር ሐኪም የለም።

ውሃውን የምመጥነው እኔ ነበርኩ። ጠዋት አንዲት ትንሽ ጠርሙስ እሞላለታለሁ፤ የቀኑ ድርሻው እሷ ናት፣ ሻዩም ሾርባውም ከእሷ ይቀነሳል። የቀረውን ጓዳ ቆልፌ፣ ቁልፉን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ወደ ፀጉር ቤቴ እሄዳለሁ። ባለቁልፏ ብሎ ይጠራኝ ጀመር። አንድ ቀን ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቆ፣ ብርጭቆው ጠርዝ ላይ የቀረችውን ጠብታ በጣቱ ጠርጎ ሲልስ አየሁትና ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ። ግን አልጨመርኩለትም።

ክብደቱ አልታዘዝ አለ። በሄድን ቁጥር ከሚገባው በላይ ጨምሮ ይገኛል፣ ነርሱ ደግሞ እኔን ይቆጣል። አባቴን ብጠይቀው በእናትሽ አፈር ብሎ ማለልኝ። ጓዳውን ፈተሽኩ፣ አልጋ ስር አየሁ፣ የአበባ ማጠጫውን ሳይቀር ደበቅሁ፤ ምንም የለም። በመጨረሻ የቀረኝ ጥፋተኛ ሚዛኑ ብቻ ስለነበር በሚዛኑ ከነርሱ ጋር ተጣላሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት የአንዲት ሙሽራ ፀጉር እየሠራሁ ሳለ ጎረቤት እየሮጠች መጥታ ጠራችኝ። አባቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ አፉን ከፍቶ አየር ይፈልጋል። ጋደም ሲያደርጉት ይታፈናል፤ ሲተነፍስ ደረቱ ውስጥ ውሃ ይንተከተካል። ሙሽራዋን በግማሽ ፀጉሯ ትቻት መኪና ተከራይተን ቁልቁል በረርን። ማሽኑ ላይ ካስተኙት በኋላ ሐኪሙ ሳንባው ውሃ መሙላቱን፣ ትንሽ ብንዘገይ ኖሮ እንደማይተርፍ ነገረኝ። ውሃ ብርቅ በሆነበት አገር፣ አልጋው ላይ እንደተቀመጠ፣ ሊሰጥም ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

ትንፋሹ ሲመለስለት ማን እንዳጠጣው ጠየቅሁት። ትንሽ አንገራገረና ተናዘዘ። ቅመም ሻጯ እናት ነበሩ። ባለቁልፉ ውሃ ተከለከለ የሚለው ወሬ መጋላው ውስጥ ሲደርሳቸው የያኔው እርግማናቸው ትዝ ብሏቸው፣ ያው እንደተናገሩት ቃል በቃል መድረሱን አይተው፣ እንቅልፍ አጡ። ከሐጅ የተመለሰ ዘመዳቸው ያመጣላቸው የመካ ቅዱስ ውሃ፣ ዘምዘም፣ ነበርና፣ ከረገመው ሰው እጅ ቢጠጣው እርግማኑ ይነሳለታል ብለው አመኑ። እኔ ሥራ ስሄድ ጠብቀው ይመጡና ያጠጡታል። ዘምዘሙ ቶሎ እንዳያልቅ ደግሞ ከቧንቧ ውሃ ጋር ይቀላቅሉታል፤ በየጊዜው አንድ ትልቅ ብርጭቆ ሙሉ።

«ለምን አልነገርካቸውም?» አልኩት።

«እንዴት ብዬ? እያለቀሱ ነው የሚያጠጡኝ። ስጨርስላቸው ፊታቸው ይበራል» አለኝ። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነና «ደግሞም ጠምቶኛል» አለ።

እንዳልነግራቸው፣ ገደልኩት ብለው በሐዘን ይሞታሉ ብሎ አስማለኝ። እሱ በእናቴ አፈር በሐሰት ስለማለ የእኔ መሐላም ከዚያ የሚበልጥበት ምክንያት አልታየኝም። በማግስቱ ጊደር መጋላ ሄድኩ።

ከጥቁር አዝሙድና ከአብሽ ከረጢቶቻቸው ኋላ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ፤ አልሐምዱሊላህ፣ አባትሽ ተሻለው አይደል ብለው ጠየቁኝ። መንገድ ላይ ሳሰናዳው የመጣሁትን ሁሉ አወረድኩባቸው። የሚያጠጡት ውሃ ሳንባው ገብቶ ሊገድለው እንደነበር፣ ትናንት ከሞት አፋፍ እንደተረፈ ነገርኳቸው። ማንኪያቸው አዝሙዱ ውስጥ እንደተተከለ ቀረ።

«ወላሂ መድኃኒት ነው ብዬ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ፊት በምላሴ፣ አሁን ደግሞ በእጄ።»

ገና ያልተናገርኩት ብዙ ነበረኝ፤ ተውኩት። ያመመው የደም ግፊት እንጂ እርግማን እንዳልሆነ ነገርኳቸው። እርግማን ያን ያህል የሚሠራ ቢሆን ኖሮ በሐረር አንድም ባለሥልጣን በሕይወት አይገኝም ነበር አልኳቸው። አልሳቁም። ታዲያ ምን ላድርግለት አሉኝ። እኔም አያጠጡት፣ ሌላ ሰውም እንዳያጠጣው ይጠብቁልኝ አልኩ።

ይህን ባልናገር ይሻለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ከሰዓት ከሰዓት ሱቃቸውን ለልጃቸው እየተዉ መጥተው፣ በራችን ላይ በርጩማ አስቀምጠው፣ ሙስበሓቸውን፣ የጸሎት መቁጠሪያቸውን፣ እየቆጠሩ ይቀመጡ ጀመር። ብርቱካን አያልፍም፣ ቢራ አያልፍም። የአጎቴ ሚስት ጸበል ይዛ ብትመጣ፣ ዘምዘም ያላለፈበት በር ያንቺ ሊያልፍ ነው ወይ ብለው መለሷት። የንስሐ አባታችን ራሳቸው አንድ ጠብታ ሳይረጩ ከደጅ ሆነው ባርከው ሄዱ። መጋላው ውስጥም አዝሙድ ሊገዛ የመጣውን ሁሉ እግሩን እያዩ አብጧል፣ ሂድና ግፊትህን ተለካ፣ መድኃኒቱንም እንዳታቋርጥ ይሉ ነበር፤ ለአባቴ ጨው የሌለበት በርበሬ ለብቻው አስፈጩለት። ክብደቱ ወረደ፣ ነርሱ አመሰገነኝ፣ እኔም ምስጋናውን ዝም ብዬ ተቀበልኩ።

ከጊዜ በኋላ ከዘመድ የሚሰጥ ኩላሊት ከተገኘ አዲስ አበባ ላይ ንቅለ ተከላ እንደተጀመረ ነገሩን። ቤተሰቡን ሰበሰብኩ። ያን ሳምንት ዘመዶቻችን በሙሉ ወገባቸውን ያማቸው ጀመር። አንዱ ስኳር ተገኘበት፣ አንዷ ልትወልድ አሰበች፣ አንዱ አጎቴ በሕልሙ ተከለከለ። ቅመም ሻጯ እናት ይህን ሲሰሙ መጥተው የእኔን ውሰዱለት አሉኝ፤ የቀልድ አልነበረም። ዕድሜያቸው እንደማይፈቅድ፣ ደንቡም የሥጋ ዘመድ እንደሚል ስነግራቸው አዘኑ። ደንቡ የፈቀደላቸው ሸሹ፣ እሳቸውን ደግሞ ደንቡ ከለከላቸው፤ የቀረሁት እኔ ነበርኩ። ጀግና ነሽ የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ደንገጎን ስወጣና ስወርድ ከማረጅ አንድ ኩላሊት መስጠት ይቀለኝ ነበር፤ አባቴንም እወደው ነበር።

ምርመራው ሁሉ ተስማማ። እኔን ከጎኔ ከፍተው አንዱን ወሰዱ፣ እሱን ከእምብርቱ በታች በስተቀኝ ከፍተው ተከሉለት። አሮጌዎቹን አያወጧቸውም፤ ምንም ሳይሠሩ እንደ ጡረተኛ ባሉበት ይቀመጣሉ። ሰውነቱ የእኔን ኩላሊት ባዕድ ነው ብሎ እንዳይጥለው ዕድሜ ልኩን መድኃኒት እንደሚውጥ ነገሩት። ሽንቱ በቱቦው ወርዶ ከረጢቱን ሲሞላ ሲያይ፣ መስመሩ ተከፈተ ብሎ አለቀሰ። እኔም ቁስሌን በእጄ ይዤ አለቀስኩ።

ሲያሰናብቱን የሰጡን ትእዛዝ አንድ ነገር ላይ ከበፊቱ ተገልብጦ ነበር፤ ይጠጣ አሉ። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ቀኑን ሙሉ ይጠጣ፣ ይህ ኩላሊት እንዳይደርቅበት። ችግሩ ሐረር ትምህርቷን ጨርሳ መመረቋ ነበር። ባለቁልፉ ውሃ ክልክል ነው የሚለውን ለማስተማር ስንት ዘመን ፈጅቶብኝ፣ አሁን ሕፃን ሳይቀር አውቆታል። ሠርግ ቤት ብርጭቆ ሲያነሳ ሦስት ሰው ከእጁ ይነጥቀዋል። ሻይ ቤት ሲያዝ አሳላፊው እኔን አያስወቅሱኝ ይለዋል። ተፈቅዶለታል ብዬ ብምል የሚያምነኝ የለም፤ ከሁሉም የባሱት ቅመም ሻጯ እናት ነበሩ። አባቴ ቤት ውስጥ እየጠጣ፣ ደጅ እየጾመ ተቀመጠ።

አንድ ሰሞን ከድሬ የሚመጣው ውሃ ተቋረጠ፣ መንገዱም ተዘጋጋ። የታሸገ ውሃ ከየሱቁ ተለቅሞ አለቀ፣ የእኛም በርሜል ተሟጠጠ። እኩለ ቀን ላይ የአባቴ ሽንት አንሶ ጠቆረብኝ፤ ሆዱ ውስጥ የሚደርቀው የራሴ አካል ነበር። ባዶ ጀሪካን ይዤ ሰፈሩን ዞርኩ። ያለውም ሰው ለማን እንደሆነ ሲሰማ፣ ለእሱማ ክልክል ነው፣ እኛ እናውቃለን ብሎ በሩን ይዘጋል። ከተማው ውስጥ ውሃ የማይጠፋበት ቤት አንድ ብቻ እንደሆነ አውቅ ነበር። ቅመም ሻጯ እናት ከዚያ ከልጃቸው ሠርግ ወዲህ ቧንቧ አምነው አያውቁም፤ ያላቸውን ዕቃ ሁሉ ሁልጊዜ ሞልተው ነው የሚያድሩት። ጀሪካኔን አንጠልጥዬ ዳገቱን ወጣሁ።

ደጃቸው ላይ ቆመው ለማን ነው አሉኝ። ለአባዬ አልኩ።

«አጠጡት የምትዪኝ አንቺ፣ አታጠጡት ያልሽኝ አንቺ» አሉኝ። «እሱ ራሱ ይምጣ። ከአፉ ልስማው።»

ሄጄ አመጣሁት። ዳገቱን በየጥጋቱ እያረፈ ወጣ። ያን መተላለፊያ እስከ ላይ ሲወጣው የመጀመሪያ ጊዜው ነበር፤ በሥራ ዘመኑ ከታች ሆኖ ነበር የሚያየው። አስቀመጡትና እውነት ሐኪም ፈቅዶልህ ነው ወይ ብለው ጠየቁት። ካልጠጣሁ ይህ ይሞታል አላቸው፣ እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ። ለራሳቸው ጨጓራ ብለው አፍልተው የሚያስቀምጡትን ውሃ በጆግ አመጡና ቀዱለት። ጠጣ። ደግመው ቀዱለት።

«አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ» አሉት። «ያኔ ሠርግ ደርሶብኝ ነው። አፌ ነው።»

አባቴ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ወደ እኔ አላየም፣ ወደ እሳቸውም አላየም።

«ግፊት ይደርስ ነበር» አለ። «የእናንተ ተራ ከሰዓት ነበር። በርጫ እንዳያልፈኝ ቀድሜ እዘጋው ነበር። ውሃው ገና ዳገቱን መውጣት ሲጀምር ነው የምዘጋው።»

እናቴ በዚያ ቀልድ ለምን እንዳልሳቀች የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እሳቸው ጆጉን እንደያዙ ቀሩ። ስንት ዓመት በከንቱ ተጸጽተዋል፤ ዘምዘማቸውን ጨርሰዋል፣ ሱቃቸውን ትተው ደጃችን ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፣ ኩላሊታቸውን ሊሰጡት ነበር። ጆጉን አናቱ ላይ ሊደፉበት ነው ብዬ ጠበቅሁ። እውነቱን ለመናገር ቢደፉበት አልከለክላቸውም ነበር።

ብርጭቆውን አንስተው እስከ አፉ ሞሉትና ወደ እሱ ገፉት።

«ጠጣ» አሉት። «ኩላሊቱ የልጅቷ ነው።»